ክብደት ካልቀነስኩ መሥሪያ ቤቴ የኢንሹራንስ ክፍያዬን ሊጨምር ይችላል? ላልሽው

አዎ፣ እዚህ አሜሪካ ይችላል። ግን ገደብ አለው። ጭማሪው በአጠቃላይ ለአንድ ሠራተኛ ከሚከፈለው የኢንሹራንስ ዋጋ 30 በመቶ መብለጥ የለበትም። ዋናው ደግሞ፣ የተባለው ኪሎ ላይ ካልደረስሽ ክፍያው እንዳይጨምርብሽ ሌላ አማራጭ ሊሰጡሽ ይገባል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ከመፈረምሽ በፊት፦

1. አማራጩ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል ብቻ አትቀበይ።
2. ሐኪምሽ ግቡ ለጤናሽ አይስማማም ካለ ደብዳቤ አጽፈሽ አስገቢ።

«ለመሆኑ ገንዘብ ያከሳል ወይ?» ብለሻል። ለጊዜው አዎ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የፔንስልቬንያ ጥናት 57 ሰዎችን ለ16 ሳምንት ተከታትሏል። ካልቀነሱ የሚያጡትን የራሳቸውን ገንዘብ ያስያዙትና ከቀነሱ በሎተሪ ገንዘብ የማግኘት ዕድል የተሰጣቸው በአማካይ 6 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። በየወሩ ብቻ የተመዘኑት ወደ 2 ኪሎ። ክፍያው ከቆመ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ጠበበ።

እኔ ሽልማቱን እደግፋለሁ፣ ቅጣቱን አልደግፍም። ሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ሁለተኛ ሥራ የሚሮጥ ሰው መቼ አብስሎ፣ መቼ ስፖርት ይሥራ? ቅጣቱ የሚከብደው እሱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እኔ የምሠራበት ቦታ እንዲህ ያለ በገንዘብ የሚያሸልም የክብደት መቀነስ ውድድር ነበር። የሚዛን ቀን ሲቃረብ ምግብ ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚተዉ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዷ ሥራ ላይ ወደቀች። በተለይ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ለማንም ብር ብለሽ እንዳትሞክሪው።