የመጨረሻው ቃል የማን ነው? የስቴቱ ወይስ የዋሽንግተን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአሜሪካ ስቴቶችና በፌዴራል መንግሥቱ መካከል ስላለው የሥልጣን ጉተታ ናቸው። አንዳንዱን በረጅሙ፣ አንዳንዱን ባጭሩ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ልጄ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተነሳው በስቴቶች መብት ነው እንጂ በባርነት አይደለም አለኝ። እኔ ደግሞ በባርነት ነው ብዬ ሞገትኩት። ማናችን ነን ልክ?» (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እርስዎ ነዎት ልክ። ማስረጃውን ደግሞ ራሳቸው የደቡብ ስቴቶች ጽፈው ትተውልናል። ሚሲሲፒ በ1861 ለምን እንደምትገነጠል ባወጣችው መግለጫ፣ ገና ከመነሻው አቋሟ ከባርነት ጋር የተሳሰረ መሆኑን በግልጽ አስፍራለች። ሳውዝ ካሮላይና ደግሞ በ1860 መጨረሻ ስትገነጠል ካቀረበቻቸው ክሶች ዋነኛው፣ የሰሜን ስቴቶች ያመለጡ ባሪያዎችን አንመልስም ብለዋል የሚል ነው።

ይህን ለልጅዎ በደንብ ያስረዱት። በ1850 የወጣው ያመለጡ ባሪያዎች ሕግ የፌዴራል ሕግ ነበር። ሕጉ በኃይል ይፈጸም ብለው ዋሽንግተንን የወተወቱት ደቡቦቹ ናቸው። «በእኛ ስቴት ይህ አይሆንም» ያሉት ደግሞ እንደ ዊስኮንሲን ያሉ የሰሜን ስቴቶች ነበሩ። የተገነጠሉት ስቴቶች የመሠረቱት የደቡቡ ኮንፌዴሬሽን የራሱን ሕገ መንግሥት ሲጽፍም ስለ ባርነት ስቴቶቹ እንደፈለጋቸው እንዲወስኑ አልተወም። ባርነትን በሕገ መንግሥቱ ከለላ ሰጠው።

ስለዚህ አንድ ሰው «የስቴቶች መብት» ሲለኝ ምን ለማድረግ ብዬ እጠይቃለሁ። በ1957 የአርካንሳው ገዥ ኦርቫል ፎበስ በዚሁ ቃል ተከልሎ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር አቆመባቸው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ወታደሮችን ልኮ አስገባቸው።

«የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ተቆጥሮ የተሰጠ ነው ይባላል። ታዲያ እንዴት እንዲህ ሊገዝፍ ቻለ?» (ከሲያትል)

የተቆጠረ መሆኑ እውነት ነው። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አሥረኛው ማሻሻያ ለፌዴራል ያልተሰጠ፣ ለስቴቶችም ያልተከለከለ ሥልጣን የስቴቶቹ ወይም የሕዝቡ ነው ይላል። ግን ኮንግረስ በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ እንዲቆጣጠር የምትፈቅድ አንዲት አንቀጽ አለች። አብዛኛው ነገር የገባው በእሷ በር ነው።

የኦሃዮውን ገበሬ የሮስኮ ፊልበርንን ነገር ልንገራችሁ። የስንዴ ዋጋ እንዳይወድቅ ተብሎ በወጣ የፌዴራል ሕግ፣ የተፈቀደለት 11.1 ኤከር መዝራት ነበር። እሱ 23 ኤከር ዘራ። ትርፉን ለገበያ አላወጣሁም፣ እዚሁ እርሻዬ ላይ ለከብቶቼና ለቤቴ ነው አለ። 117 ዶላር ከ11 ሳንቲም ተቀጣ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1942 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱበት። የአንተ ስንዴ ብቻውን ምንም ነው፣ እንዳንተ ያለው ገበሬ ሁሉ ሲደመር ግን የአገሩን ገበያ ይነካል አሉት። አንድ ሰው በገዛ ማሳው ዘርቶ ለቤቱ የሚያስቀረው እህል የስቴቶች ንግድ ከተባለ፣ ምን ይቀራል? እኔ ይህ ፍርድ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል።

ግን በዚያው በር ሌላም ነገር ገብቷል። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴልና ሬስቶራንት ጥቁሮችን አላስተናግድም እንዳይል የከለከለው በዚሁ በንግድ አንቀጽ ነው። በርሚንግሃም፣ አላባማ የሚገኝ አንድ ጥብስ ቤት ተከራከረ፣ ተረታ። ለዚህ ነው «ፌዴራሉ በዛ» የሚለውን ጩኸት በጅምላ የማልቀበለው።

ሁለተኛው መንገድ ገንዘብ ነው። ከ1913 ጀምሮ በገቢ ግብር በኩል ዋሽንግተን እጅ ብዙ ብር ገባ። በ1984 ኮንግረስ የመጠጥ ዕድሜ 21 ይሁን ሲል ስቴቶችን በቀጥታ አላዘዘም። 21 ካላደረጋችሁ ከአውራ ጎዳና በጀታችሁ ይቀነሳል አለ። ሳውዝ ዳኮታ ከሰሰች፣ በ1987 ተሸነፈች። ማስፈራሪያውም ልክ አለው የተባለው በ2012 ነው። ሜዲኬይድን፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ለብዙ ሰው ካላሰፋችሁ ነባሩንም ገንዘብ እንቀማለን ማለት ግዳጅ ነው ተባለ። በዚህ የተነሳ ማስፋት የስቴቱ ምርጫ ሆነ፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አሰፉ፣ ቴክሳስ እስካሁን አላሰፋችም። ኑሮ ረከሰ ብላችሁ ወደ ዳላስ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ልጅ የሌለው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ጎልማሳ እዚያ ሜዲኬይድ ላያገኝ እንደሚችል አስቡበት።

«አንዳንድ ከተሞች ፖሊሳችን ለኢሚግሬሽን አይሠራም ይላሉ። ይህ የፌዴራል ሕግ መጣስ አይደለም?» (ከዴንቨር)

አይደለም። የፌዴራል መንግሥት የራሱን ሕግ በራሱ ሰው ማስፈጸም ይችላል። የስቴትን ፖሊስ ግን አዝዞ የራሱን ሥራ ሊያሠራው አይችልም። ይህን በ1997 በግልጽ ያስቀመጠው ፍርድ የመጣው ከሁለት ሸሪፎች ክስ ነው፣ አንዱ ከሞንታና፣ ሌላው ከአሪዞና። የመሣሪያ ገዢዎችን ታሪክ እንድናጣራ ዋሽንግተን ሊያዝዘን አይችልም አሉ፣ አሸነፉም። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ወግ አጥባቂው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። ዛሬ ያንን ፍርድ የሚጠቅሱት ለኢሚግሬሽን አንሠራም የሚሉት ከተሞች ናቸው።

ሥሩ ግን ከዚያም ይርቃል። በ1837 ኤድዋርድ ፕሪግ የሚባል ባሪያ አሳዳጅ ፔንሲልቬንያ ውስጥ እንደ ነፃ ሰው ትኖር የነበረችውን ማርጋሬት ሞርጋንን ከነልጆቿ ይዞ ወደ ሜሪላንድ ወሰዳቸው። በ1842 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለፕሪግ ፈረደ። ለእሷ ምንም አልተረፋትም፣ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሆኖም ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ በዚያው ፍርድ የስቴት ሹማምንት የፌዴራሉን ሕግ እንዲያስፈጽሙ አይገደዱም ብለው ጻፉ። የሰሜን ስቴቶች ይህችን ይዘው ፖሊሳቸውና እስር ቤታቸው ለባሪያ አሳዳጅ እንዳይሠራ በሕግ ከለከሉ።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። ከተማው አልተባበርም አለ ማለት አይስ (የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ) ወደዚያ አይመጣም ማለት አይደለም። መጥቶ ራሱ መያዝ ይችላል። መተባበር የፈለገ ስቴትም መተባበር ይችላል።

«ዲሲ ነው የምኖረው። ግብር እከፍላለሁ። ኮንግረስ ውስጥ የሚወክለኝ የለም ማለት ነው?»

ድምፅ መስጠት የሚችል የለም። ዲሲ፣ ማለትም ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን፣ ስቴት አይደለችም። በ1961 በጸደቀው ማሻሻያ ፕሬዚዳንት መምረጥ ጀመረች፣ በ1973 በወጣ ሕግ ከንቲባና ምክር ቤት የመምረጥ መብት አገኘች። ምክር ቤቱ ያወጣውን ግን ኮንግረስ ሊሽረው ይችላል። በ2023 የከተማዋን አዲስ የወንጀል ሕግ ሽሮታል። ከዋዮሚንግ ስቴት የበለጠ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ይህ ግፍ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

«የእኛም ሕገ መንግሥት ቀሪ ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል። ታዲያ ከአሜሪካ በምን ይለያል?» (ከአዲስ አበባ)

ጥሩ አስተውለዋል። አንቀጽ 52 ከአሥረኛው ማሻሻያ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አንቀጽ 39 መገንጠልን ይፈቅዳል፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1869 በቴክሳስ ጉዳይ አንድ ስቴት በራሱ ፈቃድ ተነስቶ መውጣት አይችልም ብሏል። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመውም አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ነው፣ እኛ ዘንድ የፌዴሬሽን ምክር ቤት። አመጣጡም ተቃራኒ ነው። እዚያ 13ቱ ስቴቶች ቀድመው ነበሩና ማዕከሉን ፈጠሩ፣ እዚህ የተማከለ መንግሥት ተከፋፍሎ ክልል ሆነ።

ለእኔ ዋናው ግን ገንዘቡ ነው። አብዛኞቹ ክልሎች በጀታቸው የቆመው በፌዴራል ድጎማ ነው። ከላይ ስለ ሳውዝ ዳኮታ ያነሳሁትን ያስታውሱ። መንገዷን ብቻ በሚነካ ገንዘብ እጇ ከተጠመዘዘ፣ ደመወዙን ሳይቀር በድጎማ የሚከፍል ክልል ወረቀት ላይ ያለውን ሥልጣን እንዴት ይጠቀምበታል?

«ወንድሜ ግሪን ካርድ አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ማሪዋና ተፈቅዷል እያለ በነፃነት ያጨሳል። ዜግነት ሊያመለክት ነው። ችግር አለው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አለው እህቴ፣ ሳትውዪ ንገሪው። ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ፈቅዳለች። ዜግነት የሚሰጠው ግን ፌዴራሉ ነው፣ በፌዴራል ሕግ ደግሞ ማሪዋና ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳ መጠቀም ለዜግነት የሚያስፈልገውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል አስታውቋል። ማሪዋና መሸጫ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራትም እንደዚያው። ፍርድ ቤት ባይቀርብም፣ ኤርፖርት ላይ ለመኮንን «አዎ፣ አጨሳለሁ» ማለቱ ብቻውን ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል። ቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። አሁኑኑ ያቁም፣ ፎርሙን ሳይነካ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፣ እስከዚያም ከአገር አይውጣ።