በኤሌክትሪክ የሚዞር ሱፐርቻርጀርና ሙቀቱ፦ ጥያቄና መልስ

ወደ መኪና ሞተር የሚገባውን አየር በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚያምቀው ሱፐርቻርጀር አሟሟቅና አቀዛቀዝ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቱርቦ በጭስ ኃይል ስለሚዞር መሞቁ አይገርምም። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ለምን ይሞቃል?

መልስ፦ አንደኛው ምክንያት አየሩ ራሱ ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ እስኪሆን ቢታመቅና የኮምፕረሰሩ፣ ማለትም አየሩን የሚያምቀው ክፍል፣ ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ አየሩ ወደ 77 ዲግሪ ግድም ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ሞተሩና በመቆጣጠሪያው ውስጥ የሚባክነው ኃይል ነው። ከ48 ቮልት መስመር 7 ኪሎዋት ለመውሰድ 146 አምፔር ያህል ያስፈልጋል፤ በመዳብ ሽቦ ውስጥ ደግሞ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሳይቃጠል እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ የሚያድነው የሥራው ጊዜ ማጠር ነው፤ ይህን ነጥብ ያልያዘ ሰው ስለ ማቀዝቀዣው የሚወስነው ሁሉ ይሳሳትበታል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው በናፍጣ የሚሠራው አውዲ ኤስኪው7 መኪና ላይ ያለው ኮምፕረሰር ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በደቂቃ እስከ 70,000 ዙር ይደርሳል፤ የሚሠራው ግን የጭስ ቱርቦዎቹ በቂ ግፊት እስኪያገኙ ድረስ ብቻ ነው። ከ7 ኪሎዋቱ 1 ኪሎዋት ወደ ሙቀት ተለወጠ እንበል። ይህ ሙቀት ሙሉ በሙሉ 1 ኪሎ መዳብ ውስጥ ቢቀር፣ በ3 ሰከንድ መዳቡን የሚያሞቀው በ8 ዲግሪ ያህል ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ከቀጠለ ግን ከ150 ዲግሪ በላይ ይጨምርበታል። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ የሚፈጠረውን ሙቀት ብረቱና መዳቡ ይሸከሙታል፤ የማቀዝቀዣው ድርሻ ነጂው እንደገና ፍጥነት ከመጠየቁ በፊት ያንን ሙቀት ማውጣት ነው። ተራራ ላይ ነጂው ደጋግሞ ነዳጅ ሲረግጥ ይህ ፋታ ስለሚጠፋ፣ መቆጣጠሪያው የሽቦውን ሙቀት እየለካ ኃይሉን እንዲቀንስ መደረግ አለበት።

ጥያቄ፦ የማቀዝቀዣ ውሃውን ከመኪናው ሞተር መስመር ብቀጥለውስ?

መልስ፦ አልመክርም። የሞተሩ ውሃ ራሱ ከ90 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፣ ከዚያ የቀዘቀዘውን አካል ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። የራሱ ትንሽ ራዲያተርና የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያለው ለብቻው የሆነ መስመር ያስፈልገዋል። ከሞተሩ መስመር የተቀጠለ አንድ ኮምፕረሰር ከፍቼ አይቻለሁ፤ የሽቦው ቫርኒሽ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሮ፣ በመቆጣጠሪያውና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። የሽቦ መከለያ ከተሠራለት ሙቀት በላይ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ዕድሜው በግማሽ ያጥራል የሚለው የቆየ የባለሙያዎች ግምት በዓይኔ ፊት ነበር።

ጥያቄ፦ ኮምፕረሰሩ ከኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር ከሚያቀዝቅዘው ክፍል) በፊት ይሁን ወይስ በኋላ?

መልስ፦ አውዲ ከኢንተርኩለሩ በኋላ፣ ለሞተሩ ቅርብ አድርጎታል፤ መንገዱ ስለሚያጥር ግፊቱ ቶሎ ይደርሳል፣ የሚገባበትም አየር የቀዘቀዘ ነው። በአንጻሩ የራሱ ሙቀት የሚወርድበት ቦታ አያገኝም። ለረጅም ጊዜ እንዲያምቅ ከተፈለገ ከኢንተርኩለሩ በፊት መሆኑን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ ልዩነት ይኖራል?

መልስ፦ አዎ፣ ብዙ። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኮምፕረሰሩ የባሕር ጠለሉን ግፊት ለመመለስ ብቻ፣ ከላይ በጠቀስነው ብቃት፣ አየሩን በ35 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ቀጭኑ አየር ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀትም ስለሚያንስ፣ ለቆላ የበቃ ራዲያተር ለደጋ ይበቃል ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ እንደ ሱፐርቻርጀር የሚሸጡት በ12 ቮልት የሚሠሩ ርካሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎችስ?

መልስ፦ 20 አምፔር ቢወስዱ 240 ዋት ናቸው። 2 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ የሚወስደውን አየር አንድ ተኩል እጥፍ ለማመቅ ወደ 6 ኪሎዋት ይፈልጋል። ገንዘብዎን አያውጡ።

ጥያቄ፦ መኪናውን ካጠፋሁ በኋላ የማደርገው ነገር አለ?

መልስ፦ ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃ እንዲዞር ያድርጉት። ሞተሩ ሲጠፋ የጭስ ማውጫው ሙቀት ወደ አካባቢው መዛመቱን ይቀጥላል፤ ውሃው ከቆመ ያ ሙቀት ኩሽኔታው ውስጥ ያለውን ግራሶ ያደርቀዋል፤ በ70,000 ዙር ደግሞ ግራሶው የደረቀ ኩሽኔታ ብዙ አይቆይም።