ጩኸቱ ሰፈር ያውካል፣ ምንጣፉ ግን እንዳለ ነው

ከፋሲካ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው። ቆሞ ስለሚገፋው ቫኪዩም፣ አቧራ ስለሚስበው የኤሌክትሪክ መጥረጊያ። ከውጭ ዘመድ ልኮት ይሆናል፣ ወይ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ይሆናል። ትንሽ ጊዜ አንጀት አራሰ፣ ከዚያ ደከመ። አንዳንዱ ሰው ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ ሊጥለው ተነስቷል። ቆይ እንጂ! በደንብ የሚዞር ሞተር አልተቃጠለም። ቫኪዩም አየር ከታች ስቦ በሌላ በኩል የሚተፋ ዕቃ ነው፤ መሳብ ካቃተው አብዛኛውን ጊዜ ወይ አንዱ ቦታ ተደፍኗል፣ ወይ አንዱ ቦታ አየር ያስገባል። ከመነካካታችሁ በፊት ግን ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ልጅ መጥቶ ቢነካው ብሩሹ ጣት ይዞ ነው የሚዞረው።

«ለበዓሉ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ነበር። በማግስቱ ምንጣፉን ላጸዳ ብል ቫኪዩሙ ጩኸቱ ጨመረ እንጂ ፈንዲሻ እንኳን አላነሳ አለ። ከረጢቱን ቀየርኩ፣ ያው ነው።» ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

እትዬ፣ ቄጤማው ነው። ገና ጥያቄዎን ሳልጨርስ ነው የገባኝ።

ቄጤማ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይገባል። ቱቦው የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ ግን ይጋደማል። አንዱ ከተጋደመ በኋላ ፀጉሩም፣ ክሩም፣ ፈንዲሻውም እዚያው ይከመርበታል። ጩኸቱ የጨመረውም ለዚህ ነው፤ የሞተሩ ማራገቢያ የሚገፋው አየር ሲያጣ ሥራው ይቀልለትና ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ቀጭን ጩኸት ከሰሙ «ታፍኛለሁ» እያለ ነው።

አሁን የት እንደተደፈነ እንፈልግ። መጀመሪያ ረጅሙን ቱቦ ከታችኛው ጫፉ፣ ማለትም ከመጥረጊያው አፍ ጋር ከሚገናኝበት ይንቀሉት። ማሽኑን ሰክተው ያብሩና መዳፍዎን ቱቦው ጫፍ ላይ ያድርጉ። መዳፍዎን ጭምድድ አድርጎ ከያዘው ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ታች አፉ ውስጥ ነው። ካልያዘው ደግሞ ማሽኑን ያጥፉ፣ ስፒናውን ይንቀሉና ቱቦውን ከላይም ያላቁት። እንደገና ሰክተው ያብሩና መዳፍዎን ማሽኑ ገላ ላይ ባለው ቀዳዳ ላይ ያድርጉ። እዚህ በኃይል ከሳበ የተደፈነው ቱቦው ነው። እዚህም ካልሳበ ወደ ከረጢቱና ወደ ፊልትሮው፣ ማለትም ወደ አየር ማጣሪያው ይሂዱ።

ቱቦውን ለመፈተን የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል። ቱቦውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙና ሳንቲሙን በአንዱ ጫፍ ይልቀቁት። በሌላው ጫፍ ካልወረደ ተገኘ ማለት ነው። የመጥረጊያ እንጨት በመሰለ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ነገር በቀስታ ይግፉት። ሽቦ እንዳያስገቡ! ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል፣ ያኔ መደፈኑ ይቀርና አየር ማስገባት ይጀምራል። ትንሽ ስንጥቅ ካለው ደግሞ ማሽኑ በርቶ እጅዎን በቱቦው ዙሪያ ሲያንሸራትቱ ፉጨት ይሰማሉ። ናስትሮ ይጠቅልሉበት፣ ለጊዜው ይዞ ይቆያል።

የእርስዎ ግን በእኔ ግምት ታች ነው። ስፒናውን ነቅለው ማሽኑን ያጋድሙት፣ የሆዱን ክዳን ብሎኖች በካቻቢቴ ይፍቱ። ብዙዎቹ ላይ ከብሩሹ ጀርባ ጥምዝምዝ ያለች አጭር ቱቦ አለች። ሰው ሁሉ ረጅሙን ቱቦ ያይና እሷን ይረሳታል። ቄጤማው እዚያ ተጠቅልሎ ያገኙታል። ለሚቀጥለው በዓል ቄጤማውን መጀመሪያ በእጅ መጥረጊያ ሰብስበው ያውጡት፣ ቫኪዩም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ፊልትሮው ጥቁር ስለሆነ አጠብኩት። ከታጠበ በኋላ ጭራሽ ባሰበት፣ ቤቱም እርጥብ ውሻ ውሻ ይሸታል።» ከመሐል ሜዳ

ሳይደርቅ ነው የመለስሽው። እርጥብ ስፖንጅ አየር አያሳልፍም፤ ያለፈው አቧራም እላዩ ላይ ጭቃ ይሆናል። ሽታውም እሱ ነው። የአምራቾቹ መመሪያ ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ይድረቅ ይላል፤ ግን ያ ምክር የተጻፈው እንዳንቺ መንዝ ላለ ሰው አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ብርድ፣ ያውም በክረምት፣ ሁለት ሦስት ቀን ስጪው። ጨምቀሽ ስትይዥው መዳፍሽ ላይ ቅዝቃዜ ካለ አልደረቀም። እሳት ዳር አታስጠጊው፣ ይኮማተርና ዳር ዳሩን ክፍተት ይተዋል።

ደግሞ ሁሉም ፊልትሮ አይታጠብም። ስፖንጁ በውሃ ብቻ ይታጠባል። እንደ አኮርዲዮን የታጠፈው የወረቀት ፊልትሮ ግን መታጠብ እንደሚችል ላዩ ላይ ካልተጻፈ ውሃ አይንካው፤ ደጅ አውጥተሽ ጠርዙን መታ መታ አድርጊው፣ ካልሆነ መቀየር ነው። ብዙ ማሽን ሁለት ፊልትሮ አለው፣ አንዱ ከሞተሩ በፊት፣ ሌላው አየሩ በሚወጣበት በኩል። ሁለተኛውን ፈልጊው። ምናልባት ከተገዛ ጀምሮ ማንም አይቶት አያውቅም።

«ቤት ሠርተን ጨርሰን በቫኪዩም አጸዳን። ከረጢቱ ሲሶ እንኳን አልሞላም፣ ግን መሳብ አቆመ።» ከደብረ ብርሃን

ጀሶ! ወንድሜ፣ ጀሶና ሲሚንቶ በቤት ቫኪዩም አይሳብም። ከረጢቱ መሙላት አለመሙላቱ እዚህ ላይ ምንም አይልህም። የወረቀት ከረጢት አየሩን የሚያሳልፈው በራሱ ገላ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፣ ጀሶ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ እነዚያን ቀዳዳዎች ከውስጥ ይለስናቸዋል። ሲሶ የሞላ ከረጢት ሙሉ በሙሉ የታፈነ ሊሆን ይችላል። አራግፈህ እመልሰዋለሁ አትበል፣ ጣለው። ፊልትሮዎቹንም አብረህ ተመልከት፤ ያመለጠው ብናኝ ሞተሩ ድረስ ይሄዳል፣ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይበላዋል።

የጤፍ ዱቄትም ሥራው ያው ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ዱቄት የፈሰሰባችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት።

ከረጢት የሌለው፣ ጠርሙስ የመሰለ ማጠራቀሚያ ያለው ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ዙሪያ ያለችውን ጎሚኒ፣ የጎማ ማሸጊያዋን እይ። አንዲት ጠጠር ሥሯ ከገባች ክዳኑ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አየር ያስገባል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጋት፣ ተጣማ ከሆነ አስተካክላት። በዚህ ብቻ የዳነ ማሽን ብዙ ነው።

«በቱቦው ሲሆን በደንብ ይስባል። ምንጣፍ ላይ ስገፋው ግን ክሩንም ፀጉሩንም ትቶ ያልፋል። ምንጣፋችን የመንዝ በግ ፀጉር ነው፣ ወፍራም።» ከሞላሌ

እንግዲያው መሳቡ አልተበላሸም። የተበላሸው ማበጠሩ ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሰው ለብሩሽ ችግር ብሎ ሞተር ያስፈታል። ቆሞ የሚገፋው ቫኪዩም ዋና ችሎታው እኮ አፉ ላይ የሚዞረው ብሩሽ ነው፤ በአሜሪካ ኦሃዮ የጽዳት ሠራተኛ የነበረው ጄምስ ስፓንግለር እ.ኤ.አ. በ1908 ፓተንት ያገኘበት ማሽንም ማራገቢያውን ከሚዞር ብሩሽ ጋር ያጋባ ነበር። ብሩሹ ከምንጣፉ ሥር ይቆሰቁሳል፣ አየሩ ያነሳል። ብሩሹ ከቆመ አየሩ ከላይ ከላይ ብቻ ነው የሚልሰው።

አጋድመህ ብሩሹን እይ። እቤት ሹሩባ የሚሠራ፣ ዊግ የሚያደርግ ሰው ካለ ፀጉር እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎበት ታገኛለህ። በመቀስ በረጅሙ ሰንጥቀህ ጎትተው። ሁለቱን ጫፎቹን አትርሳ፣ ፀጉር ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ነው የሚያንቀው። ከዚያ በእጅህ አዙረው፤ ለስለስ ብሎ መዞር አለበት።

ቀጥሎ ቺንጋው። ከሞተሩ ወደ ብሩሹ የሚሄድ የጎማ ቺንጋ አለ። ሲበጠስ ታውቀዋለህ፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ተንኮለኛው ሳይበጠስ የላላው ነው። ማሽኑን አየር ላይ ከፍ አድርገህ ስታበራው ብሩሹ ይዞራል፣ ምንጣፍ ሲነካ ይቆማል። ውስጡ የሚያብለጨልጭ፣ ዳሩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ቀይረው። አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ስፋቱም ርዝመቱም እኩል ይሁን። አጠር ያለ ቺንጋ ጎትቶ ማስገባት ይቻላል የሚልህን አትስማ፤ ኩሽኔታውን ቅርጥፍ አድርጎ ይበላል።

የአንተን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ግን ምንጣፉ ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ከርዳዳና ረጅም ነው። የአፉ ከፍታ ማስተካከያ መጨረሻ ዝቅ ባለው ላይ ከሆነ አፉ ፀጉሩ ውስጥ ይቀበርና አየር መግቢያ ያጣል፣ ብሩሹም ታንቆ ይቆማል። መጨረሻ ከፍ ካለው ጀምር፣ አንድ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርግ። ማሽኑ በራሱ ትንሽ ወደፊት ሳብ ሳብ ማድረግ ሲጀምር እዚያ ላይ ተወው። አዲስ ከሆነ ደግሞ ፀጉር ማርገፉ አይቀርም፤ ማጠራቀሚያው ቶሎ ቶሎ ይሞላል፣ መሃል ላይ እያቆምክ ድፋው።

አጎዛ ላይ ግን በዚህ ብሩሽ እንዳትሞክረው። አጎዛ ደጅ ይውጣ፣ በዱላ ይራገፍ።

«ይህ ማሽን ሸዋ ሮቢት ሳለን ጎበዝ ነበር። ደብረ ብርሃን ከገባን ወዲህ ግን ደከም ብሏል። ሁሉንም አጽድቻለሁ። ብርድ ይነካዋል እንዴ?» ከደብረ ብርሃን

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ብርዱ አይደለም፣ ዳገቱ ነው።

ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800። ጣርማ በርን ሽቅብ ስትወጡ ሰውም መኪናም ትንፋሽ የሚያጥረው አየሩ ስለሚሳሳ ነው፣ ቫኪዩምም ከዚህ አያመልጥም። ማራገቢያው የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል በአየሩ ክብደት ይወሰናል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ሞተሩ ትንሽ በመፍጠን ያካክሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የመሳብ ቁጥር የባሕር ጠለል አየር ታስቦ የወጣ ነው፣ እዚህ ያን ቁጥር አትጠብቅ። ስለዚህ የደጋ ሰው ፊልትሮውን ከቆላ ሰው ቀደም ብሎ ቢያጸዳ፣ ምንጣፉንም ቀስ ብሎ ሁለቴ ቢሄድበት ይሻለዋል።

ግን ልዩነቱ «ደከም» የሚባል ነው። ጭራሽ አልስብ ካለ በዳገቱ አታመካኝ።

«ቀን ይስባል፣ ማታ አይስብም። ቫኪዩሙን አክስቴ ከአሜሪካ ነው የላከችው፣ ትራንስፎርመር አለው።» ከአረርቲ

ማታ ሁሉም ሰው ምጣዱንና ምድጃውን ሲያበራ መብራቱ ይደክማል። 220 ቮልት መሆን የነበረበት 180 ከደረሰ የሞተሩ ጉልበት በግምት ሲሶ ያህል ይቀንሳል። መፍትሔው ቀን ማጽዳት ነው፣ ሌላ ብልሃት የለውም። ስስ ገመድ ያለው ረጅም ማከፋፈያም ያው ነው፤ ገመዱን ዳስሰው፣ ከሞቀ ጉልበቱ እዚያ እየቀረ ነው።

ትራንስፎርመሩን ደግሞ እይልኝ። የአሜሪካው ዕቃ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው። ላዩ ላይ 12 አምፒር የሚል ካለ ከ1,400 ዋት በላይ ይፈልጋል ማለት ነው፣ ስለዚህ ትራንስፎርመሩ 2,000 ዋት ቢሆን ይመረጣል። 500 ዋት የሆነችው ትንሿ ሳጥን ለዚህ አትሆንም፣ ትሞቃለች፣ ኋላም ትቃጠላለች። ለሌሎቻችሁም፣ ትራንስፎርመር ሳይኖር የአሜሪካ ቫኪዩም ቀጥታ ግድግዳው ላይ የሰካችሁ እንደሆነ ስለ መሳብ መጨነቁ ያበቃል። የሚቀረው ጭሱ ነው።

«የከሰል አመድ መሳብ ይቻላል?» ከአንኮበር

አይቻልም። የጠፋ የሚመስል ፍም ከረጢቱን ያቃጥላል። ቀዝቃዛውም አመድ እንደ ጀሶው ይደፍነዋል።

«ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ራሱ ይጠፋል። ቆይቼ ስሞክረው ይነሳል። ባለሙያው ሞተር ይቀየር አለኝ።» ከደብረ ሲና

ገንዘብዎን ይያዙ ጋሼ። ብዙ ቫኪዩም ሞተሩ ሲግል የሚያጠፋ መከላከያ አለው፣ ሲበርድ ደግሞ ይመልሰዋል። ሞተሩን የሚያበርደው ያው የሚስበው አየር ነው፤ መንገዱ ሲደፈን ይግላል። ስለዚህ ስፒናውን ነቅለው አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ከዚያ ለጠባሴዋ እትዬ የነገርኳቸውን ከቱቦ ጀምሮ ይሂዱበት። ፊልትሮውንም ይዩ።

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ካጠፋ፣ ወይም በአየር መውጫው በኩል ብልጭታ ካዩና የተቃጠለ ሽቦ ከሸተተዎት፣ ያኔ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ካርቦኑን፣ ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል መብራት የሚያደርሰውን እንዲያይ ይንገሩት። ካርቦን እየተበላ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ከሞተር ጋር አይወዳደርም። ብዙ ጊዜ «ሞተሩ ሞቷል» የሚባለው ካርቦኑ ሲያልቅ ነው።