ከድሮ ፌስቲቫል ዕቃ ዘመድ መፈለግ፦ የአንባቢ ጥያቄና የኛ መልስ

ሰሞኑን ከሚደርሱን ጥያቄዎች ደጋግሞ የመጣው አንድ ጉዳይ ነው፤ ድሮ ትንንሽ ከተሞች በየዓመቱ ያደርጉት ከነበረው ፌስቲቫል የተረፈ ነገር፣ ሪባን፣ ባጅ፣ የፕሮግራም ወረቀት፣ የሰልፍ ፎቶ፣ ሜዳሊያ ምናምን እቤት ውስጥ ተገኘ፣ ታዲያ ከዚህ ተነስቶ የቤተሰብ ታሪክ ማውጣት ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ነገሩ እንዴት የሚለው ላይ ነው፣ ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ በሙሉ ለሱ ሆኗል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። አያቴ ካረፉ በኋላ ቁምሳጥናቸው ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። ውስጡ "ኮሚቴ" የሚል የሐር ሪባን፣ ዓመት ያልተጻፈበት የፌስቲቫል ፕሮግራምና አንድ ብዙ ሰው ያለበት ፎቶ አለ። ፎቶው ላይ አያቴን ለይቻቸዋለሁ፣ ሌሎቹን ግን ቤተሰቡ ውስጥ የሚያውቃቸው የለም። ከየት ልጀምር?
(የልጅ ልጅ)

መልስ፦ መጀመሪያ እጅሽን ሰብስቢ። አንድም ነገር ከቆርቆሮው ሳታወጪ እንዳለ በስልክሽ አንሺው፣ የቱ ከየቱ ጋር እንደተቀመጠ እንዲታይ አድርገሽ፣ ምክንያቱም ሪባኑ ፕሮግራሙ ውስጥ ታጥፎ ከነበረ የዛው ዓመት ነው ብሎ የሚነግርሽ ያ አቀማመጥ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አንዴ ከተበታተነ ደሞ ማንም መልሶ አያስተካክለውም።

ከዛ በኋላ ፎቶው ላይ ማፍጠጥሽን ተይውና ፕሮግራሙን አንብቢ። ሰው ሁሉ ፎቶ ነው የሚወደው፣ እኔን ብትጠይቂኝ ግን ከዛ ቆርቆሮ ውስጥ ትልቁ ሀብት ያ የተጨማደደ ወረቀት ነው። የኮሚቴ አባላት ዝርዝር አለው፣ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ዝርዝር አለው፣ ባለፈው ዓመት የተሸለሙት አሉ፣ በየገጹ ግርጌ ደሞ ማስታወቂያ፦ እንትና ልብስ ሰፊ፣ እንትና ፈረስ ጫኝ፣ ከነአድራሻው። አያትሽን ብቻ አትፈልጊ፣ አብረዋቸው የተጻፉትን ሰዎች ፈልጊ። ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ኮሚቴ ላይ ዓመት ከዓመት አብረው የሚቀመጡ ሰዎች በአብዛኛው ወይ ጎረቤት፣ ወይ አማች፣ ወይ የሥራ ባልደረባ፣ ወይ አንድ ቤተ እምነት የሚሄዱ ናቸው፣ አያትሽ ከማግባታቸው በፊት የነበራቸው የቤተሰብ ስም የጠፋ እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ በኩል ነው።

ዓመቱን በተመለከተ፣ ዓመት ባይጻፍበትም ቀንና ዕለት ይጻፍበታል። ለምሳሌ "ቅዳሜ ኦገስት 14" ይላል እንበል። ከ1920 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ኦገስት 14 ቅዳሜ የዋለው በ1920፣ በ1926፣ በ1937 እና በ1943 ብቻ ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ወደ አራት ዓመት ወረደልሽ፣ ስልክሽ ላይ ባለው ካላንደር ወደ ኋላ እየሄድሽ ራስሽ ታረጋግጪዋለሽ። 1943 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ስለሆነ ብዙ ቦታ ፌስቲቫል ቆሞ ነበር፣ ያ ካልተጣለም ቢያንስ ይጠረጠራል። የቀረውን ማስታወቂያዎቹ ይጨርሱልሻል፦ የስልክ ቁጥሮቹ ስንት አሃዝ ናቸው (በጊዜ ብዛት አሃዙ ይጨምራልና)? የሲኒማ ማስታወቂያ ካለማ እሰየው፣ የፊልሙ ርዕስ ካለ ፊልሙ ከወጣበት ዓመት በፊት ፕሮግራሙ ሊታተም አይችልም። "12ኛ ዓመታዊ ፌስቲቫል" የሚል ካየሽ ግን ተጠንቀቂ፣ አንዳንዱ ኮሚቴ የተቋረጡትን ዓመቶች ይቆጥራል አንዳንዱ አይቆጥርም።

ዓመቱ ከጠበበልሽ በኋላ ወደ ጋዜጣ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ፣ የኒውዚላንዱ ፔፐርስ ፓስት፣ የአሜሪካው ክሮኒክሊንግ አሜሪካ፣ የኔዘርላንዱ ዴልፈር፣ እነዚህ የድሮ ጋዜጣ የሚነበብባቸው ድረ ገጾች ናቸው፣ በነጻ ይፈለግባቸዋል፤ የብሪታንያው የጋዜጣ ማኅደር ግን በክፍያ ነው። ስም ጽፈሽ ካልመጣልሽ ተስፋ አትቁረጪ፣ ድሮ የታተመውን ፊደል የሚያነበው ኮምፒውተር ስለሆነ ስሙን አበላሽቶት ይሆናል፣ በመንገዱ ስም ፈልጊ፣ በሙዚቃ ባንዱ ስም ፈልጊ፣ ከኮሚቴው ውስጥ ብርቅ የሆነ ስም ያለውን ሰው መርጠሽ በሱ ፈልጊ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት የሌሎች ዓመቶችን ፕሮግራም ይዞ ከሆነ ደሞ ጎን ለጎን ዘርግተሽ እይው፣ በየዓመቱ የነበረ ስም ድንገት ከጠፋ ሰውየው ወይ ከተማ ለቋል ወይ አርፏል፣ የመቃብር መዝገብና የሞት ማስታወቂያ የትኛው ዓመት ላይ መፈለግ እንዳለብሽ ያኔ ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ግልጽ ልናገር፣ የመንግሥት መዝገብ፣ የሕዝብ ቆጠራ፣ የልደት ሰርተፍኬት እያለ በባጅና በሪባን መልፋት የቦዘኔ ሥራ አይመስላችሁም?
(ተጠራጣሪው)

መልስ፦ አይመስለንም ወንድሜ። መዝገቡ ካለ በመዝገቡ ጀምር፣ በዛ አንጣላም። ግን መዝገብ ይቃጠላል። የእንግሊዝና ዌልስ የ1931 ቆጠራ በሙሉ በ1942 መጋዘን ውስጥ ተቃጥሎ አለቀ፣ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት ጭራሽ አልተካሄደም፣ ስለዚህ ከ1921 ቆጠራ በኋላ ቀጥሎ የምታገኘው ትልቅ የስም ዝርዝር ጦርነቱ ሲጀምር በ1939 የተመዘገበው ነው። በመሃል 18 ዓመት! ልጅ ተወልዶ አድጎ ሥራ የሚገባበት ጊዜ ነው። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራም አብዛኛው በ1921 በተነሳ ቃጠሎ ተበላሽቶ ኋላ ተወግዷል። አውስትራሊያ ውስጥ ደሞ እሳትም አላስፈለገም፣ ስም ያለበትን የቆጠራ ቅጽ ራሳቸው ሲያስወግዱት ኖረው ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስሙ እንዲቀመጥለት የተደረገው ገና በ2001 ነው።

ያልተቃጠለውም ቢሆን ቶሎ አይከፈትም። አሜሪካ 72 ዓመት ታስጠብቃለች፣ የ1950ው የተከፈተው በኤፕሪል 2022 ነው፣ የ1960ውን ለማየት እስከ 2032 መጠበቅ ነው፤ እንግሊዝ ደሞ 100 ዓመት። በዚህ ሁሉ ክፍተት ውስጥ አንድ ሰው በዚህ ዓመት፣ በዚህ ከተማ፣ ከነዚህ ሰዎች ጋር ነበር ብሎ የሚመሰክርልህ የፌስቲቫል ወረቀት ነው።

ሌላው ቆጠራ የማይነግርህ፣ ከተማውን ለቀው የሄዱትን ነው። በ1899 የኒው ሃምፕሸር ገዢ የነበረው ፍራንክ ሮሊንስ እርሻው እየተተወ፣ ሰው እየፈለሰ ሲያስቸግረው የሄዱት ተመልሰው የትውልድ ቦታቸውን የሚጎበኙበት ሳምንት አቋቋመ፣ ከዛ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተዛመተ። እንዲህ ዓይነት በዓል ላይ አንዳንድ ቦታ የመጣው እንግዳ ስሙንና አሁን የሚኖርበትን ከተማ ያስመዘግብ ነበር። እስቲ አስበው፣ የጠፋብህ የአያትህ ወንድም ራሱ በእጁ "አሁን የምኖረው እዚህ ነው" ብሎ ጽፎ ሲጠብቅህ።

ጥያቄ፦ ፖስትካርድ ላይ የታተመ የሰልፍ ፎቶ አለኝ፣ ጀርባው ባዶ ነው፣ አልተላከም። ስንት ዓመተ ምህረት ነው ብዬ ልገምት?

መልስ፦ ባዶ ያልከው ጀርባ ብዙ ያወራል። መሃሉ ላይ ለመልእክትና ለአድራሻ የሚከፍል መስመር አለው? ብሪታንያ ይሄን የፈቀደችው በ1902 ነው፣ አሜሪካ በማርች 1907፣ ከዛ በፊት ጀርባው ላይ ከአድራሻ ሌላ መጻፍ ክልክል ስለነበር ሰው መልእክቱን ፎቶው ጠርዝ ላይ ነበር የሚሞነጫጭረው። ቀጥሎ የቴምብር ቦታዋን ሳጥን እያት። በእንግሊዝኛ ፊደል "AZO" (አዞ) የሚል የወረቀት ስም ካለና ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት አራቱም ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ወደ ላይ የሚያዩ ከሆነ ከ1904 እስከ 1918 አካባቢ ይባላል፣ ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከ1918 በኋላ ነው። ኮዳክ በ1903 ልክ በፖስትካርድ መጠን የሚያነሳ ካሜራ ካወጣ በኋላ የሰፈር ሰው ሁሉ ሰልፉን አንስቶ ፖስትካርድ ላይ ማጠብ ጀመረ፣ ለዛ ነው እንዲህ ዓይነቱ ፎቶ አንድ ሁለት ቅጂ ብቻ ኖሮት የሚገኘው።

ግን ይሄ ሁሉ የሚነግርህ የወረቀቱን ዕድሜ ነው። ፎቶው የድሮ ሆኖ ኋላ ለመታሰቢያ እንደገና ታትሞ ሊሆን ይችላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የብር ኖት መመርመሪያውን ሰማያዊ መብራት አብራበት፣ ወረቀቱ ደምቆ ካበራ ከ1950ዎቹ ወዲህ የተሠራ ወረቀት ነው፣ ምክንያቱም ወረቀት ላይ የሚያነጣ ኬሚካል መጨመር የተለመደው ያኔ ነው። ካላበራ ግን የድሮ ነው ብለህ አትደምድም፣ ኬሚካሉ የሌለው አዲስ ወረቀትም አለ።

ሌሎች አንባቢዎች ስለ ቆርቆሮ ላይ ፎቶም ጠይቃችኋል፣ እሱን በአጭሩ፦ በ1850ዎቹ የመጣ ዘዴ ነው፣ ስቱዲዮዎች ከተዉት በኋላም ፌስቲቫልና ባዛር ላይ የሚዞሩ ፎቶ አንሺዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲጠቀሙበት ቆይተዋል፣ እና ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ባነሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የማይነበብ የመሰላችሁ ለዛ ነው፣ መስታወት ፊት ያዙት።

ጥያቄ፦ አባቴ የተዉልኝ ትንሽ የብር ሜዳሊያ ጀርባዋ ላይ መልሕቅ፣ የሚራመድ አንበሳና አንድ ፊደል ተቀርጾባታል። ከፊት ለፊት ደሞ በእጅ የተቀረጹ የስም መነሻ ፊደሎች አሉ፣ የአባቴ ግን አይደሉም። ምንድን ነው?

መልስ፦ መልሕቁ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ብሩ ተመርምሮ ማለፉን ነው የሚያሳየው፣ ከ1773 ጀምሮ ምልክታቸው ነው። አንበሳው 925 ደረጃ ያለው ብር ነው ይላል። ፊደሉ ዓመት ነው፣ ሰንጠረዡ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ ግን ፊደሉ ተራው ሲያልቅ እንደገና ከ"ኤ" ስለሚጀምር የፊደሉን ቅርጽና ዙሪያውን ያለውን ጋሻ መሰል ክፈፍም አብረው ያመሳክሩ፣ አለበለዚያ በ25 ዓመት ይስታሉ። እስከ 1974 ፊደሉ የሚቀየረው በዓመቱ መሃል ስለነበር አንድ ፊደል ሁለት ዓመት ይነካል። ደሞ ይሄ ብሩ የተመረመረበት ነው እንጂ የተሸለመበት አይደለም፣ ባዶ ሜዳሊያ ሱቅ ውስጥ ቆይቶ ኋላ ነው ስም የሚቀረጽበት።

የስም ፊደሎቹ የአባትዎ አለመሆናቸው ነው የሚያጓጓኝ። የእናታቸው ወገን ሊሆን ይችላል፣ የሰፈር ልጅ በውርርድ ያሸነፈው ሊሆን ይችላል፣ ከገበያ የተገዛም ይኖራል። ስፖርት ከሆነ ጋዜጣ የአሸናፊ ስም ሳያወጣ አያልፍም። እባክዎ አይወልውሉት ብቻ፣ የተቀረጸው እየሳሳ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ የፌስቲቫሉ ንግሥት ሆና ተመርጣ ነበር እየተባለ ነው ያደግነው፣ ከትከሻዋ ሪባን የወረደባት ፎቶም አለ፣ ጋዜጣ ላይ ግን ስሟ የለም። ውሸት ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ያ ሪባን የንግሥቲቱ ነው ወይስ የአጃቢዎቿ? አጃቢዎችም ሪባን ያደርጋሉ፣ አጃቢ የነበረች ልጅ ደሞ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በቤተሰብ አፍ ንግሥት ብትሆን አይገርምም። ሁለተኛ፣ የዛን ጊዜ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ያገባችን ሴት በባሏ ሙሉ ስም "ሚስስ እገሌ" ብለው ነው የሚጽፉት፣ የራሷ ስም የትም አይወጣም፣ ስለዚህ ኋላ ላይ የወጣ የመታሰቢያ ጽሑፍ "የድሮዋ ንግሥታችን" ብሎ በባሏ ስም ጠቅሷት ይሆናል፣ በሱ ፈልጊ። አበባ የሚይዙትን ሕፃናት ስምም አትለፊያቸው፣ ብዙ ጊዜ የኮሚቴ ልጆችና የእህት ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ያገኘሁትን ሁሉ ስካን አድርጌ ፌስቡክ ላይ ብለቀውስ? የሚያውቅ ሰው ይኖራል።

መልስ፦ ይኖራል፣ ጥሩ መንገድም ነው፣ ግን መጀመሪያ ፎቶውን ለሽማግሌዎች በአካል አሳያቸው፣ የስልክህን ድምፅ መቅጃ አስፈቅደህ ክፈትና ዝም በል። "ይሄ ማነው?" ብቻ ብለህ አትጠይቅ፣ "እዚህ መሆን ሲገባው የሌለው ማነው?" ብለህ ጠይቅ፣ ያኔ ነው የተጣላው፣ የተሰደደው፣ የታመመው ሁሉ የሚወጣው። የነገሩህን ወዲያው እንደ እውነት አትለጥፈው፣ ማን እንዳለህ አብረህ ጻፍ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን፣ በተለይ የልጅነት ፎቶ ከሆነ፣ ሳታስፈቅድ አትልቀቅ። ስካኑ የፎቶውን ጀርባም ይጨምር፣ ስም የምትጽፍ ከሆነም በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጠርዝ ላይ እንጂ በእስክሪብቶ አይደለም። ሴሉሎይድ (የድሮ ዓይነት ፕላስቲክ) የሆኑ ባጆችን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አታሽጋቸው፣ ከራሳቸው በሚወጣው ጋዝ ይበላሻሉ አጠገባቸው ያለውንም ብረት ያዝጋሉ፣ ለየብቻ በወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጥ። ሪባኑን ደሞ ላሚኔት ላድርገው እንዳትል፣ እሱ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም።