ደመወዝ የሌለው አስተዳዳሪ ይቅርባችሁ

ልጆቼ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሰው ሂሳብ ስሠራ ነው ያረጀሁት። አሁን አሁን የሚመጡብኝ ብዙዎቹ የእናንተ እኩዮች ናቸው። አንዳንዱ ወላጆቹ ያቆሙት ጂ ፕላስ ሁለት ወይም ጂ ፕላስ ሦስት ደርሶታል። አንዳንዷ አረብ አገር ለፍታ ያሠራችው ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ራሴ ላከራየው ወይስ የሚያስተዳድርልኝ ሰው ልቅጠር?

አብዛኛው ሰው ግን ሁለቱንም አያደርግም። ለአክስት ልጅ ወይም ለታናሽ ወንድም "አንተ እያየኸው" ብሎ ይተወዋል። ደመወዝ የለም፣ ወረቀት የለም። በዚህ ሥራ ካየሁት የቤተሰብ ጠብ የሚበዛው የተነሳው ከዚህች ቃል ነው። ልጁ ሌባ ሆኖ አይደለም። ቧንቧ ሲፈነዳ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ለጥገና ከኪሱ ያወጣል። ለልፋቱ ማንም ምንም አይለውም። ውሎ አድሮ ከኪራዩ ላይ ይቆነጥራል፤ ይገባኛል ብሎ ነው። ሂሳብ ስትጠይቁት "አላመናችሁኝም ማለት ነው" ብሎ ይቀየማል። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል። የወሎ ሽማግሌ ስንት ደም ያደርቃል፤ ያልተጻፈ ሂሳብ ግን እሱንም ያቅተዋል።

እዚሁ የምትኖሩ ከሆነ መጀመሪያ ራሳችሁ ያዙት። ክረምቱንም በጋውንም እዩት። ደሴ ላይ ቤት ማከራየት ማለት ውሃ ማስተዳደር ማለት ነው። ውሃው በፈረቃ ይመጣል። ሮቶው መቼ እንደሚሞላ፣ ፓምፑን ማን እንደሚያስነሳ፣ የትኛው ፎቅ ቀድሞ ውሃ እንደሚያልቅበት እወቁ። ያንን ሳታውቁ ሰው ከቀጠራችሁ፣ "ፓምፑ ተቃጠለ፣ ብር ላኩ" ሲላችሁ እውነቱን ከውሸቱ የምትለዩበት የላችሁም። ሰኔ ሳይገባ አሸንዳውን አስጠርጉ። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ ነው ያለችው። ከእናንተ ጣሪያ የወረደ ጎርፍ ታች ያለውን ጎረቤት ግድግዳ ነው የሚመታው። መብራቱም በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ለየቤቱ ቆጣሪ አስገቡ፤ አለበለዚያ የየወሩ ጭቅጭቅ አያባራም።

ሌላ ሥራ ካላችሁ ወይም ከከተማው የምትርቁ ከሆነ ግን ቅጠሩ። ክፍያው አያስፈራችሁ። ስምንት ቤት አላችሁ እንበል፣ እያንዳንዱ በወር 10,000 ብር። ለአስተዳዳሪው ከኪራዩ 5 በመቶ ብትከፍሉ 4,000 ብር ነው። አንድ ቤት ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ ግን 20,000 ብር ቀረባችሁ፤ የአምስት ወር ክፍያው ማለት ነው። ከዘመድ መካከል የሚሆን ሰው ካለም እሰየው፤ ግን እሱም ይከፈለው፣ እሱም ይፈርም። ደላላ ግን ሌላ ነው። የደላላ ጥቅም ተከራይ ሲቀያየር ነው፣ የእናንተ ደግሞ ተከራይ ሲቆይ። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው አትስጡ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ውክልናውን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ማስጠገን፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት ይችላል። ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። "ለሁሉም ይሁን" ብላችሁ መሸጥና መለወጥን አታስጽፉ። ለኪራይ ሥራ አያስፈልገውም። ወኪሉ በጠየቃችሁት ጊዜ ሁሉ ሂሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እናንተም ውክልናውን በፈለጋችሁ ጊዜ መሻር ትችላላችሁ። ይህን ለወንድም መንገር ነውር የሚመስላችሁ አላችሁ። ነውሩ ሳይነገር ቆይቶ ፍርድ ቤት መተያየት ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ በቃል የሚያዝ አይደለም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። በክልል የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ስለሆነ የእናንተን ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። እኔ ግን ጥያቄው እስኪመለስ አትጠብቁ እላለሁ። ኪራዩ በእናንተ ስም ባለ የባንክ ሂሳብ ይግባ፣ በአስተዳዳሪው እጅ አይለፍ። ለጥቃቅን ጥገና የምትተዉለት ብር ለብቻው ይሁን። በወሩ መጨረሻ የገባውን፣ የወጣውንና ያልከፈለውን ተከራይ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ የደረሰኞቹን ፎቶ አያይዞ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ገጹ የደረሳችሁ ዕለት ደመወዙን ክፈሉት፤ ለነገ አታሳድሩበት።