ኮንትራት ለምትፈርሙ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ፀጉሬ የሸበተው ሐዋሳ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ነው። ዘንድሮ ሥራ ለምትጀምሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የቋሚና የጊዜያዊ ሠራተኛ ጉዳይ።

አንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ልጆች ነበሩ። ፈረቃቸውም አለቃቸውም አንድ። በዓል ሲደርስ ለቋሚዋ ዘይትና ቦነስ ይሰጣል። ሦስት ወር፣ ሦስት ወር እየተባለ ኮንትራቷ የሚታደስላት ጓደኛዋ ባዶ እጇን ሰርቪስ ትሳፈራለች። ታማ ስትቀር ደግሞ ደመወዟ ይቆረጣል። ለምን ዝም ትያለሽ ስትባል፣ "እኔ'ኮ ጊዜያዊ ነኝ" ነበር መልሷ። አንጀቴን የበላው እሱ ነው። በደሉን እንደ ደንብ ለምዳዋለች።

ዘይቱ እንኳ የድርጅቱ ፈንታ ነው። የሕመሙ ግን መብቷ ነበር። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም፣ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን ያገኛል።

ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ ፈቃድ የወጣ ሰው ለመተካት፣ ድንገት ለበዛ ሥራ፣ ለወቅታዊ ሥራና ለመሳሰሉት። ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ሥራ፣ ወረቀቱ ላይ "ጊዜያዊ" ስለተባለ ብቻ ጊዜያዊ አይሆንም።

ስለዚህ ሳታነቡ አትፈርሙ። የውሉን ቅጂ ያዙ፤ የታደሰውንም፣ የቆየውንም። ጡረታችሁን ተከታተሉ፤ ከእናንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ሲቆረጥባችሁ ኖሮ ገቢ ሳይደረግ ቢቀር የምትጎዱት እናንተ ናችሁ።

ቋሚ የሆናችሁም፣ እባካችሁ፣ እነሱን "ኮንትራቶቹ" እያላችሁ አታርቋቸው። የሠራተኛ ማኅበራችሁ ከአሠሪው ጋር ለኅብረት ስምምነት ሲደራደር የእነሱንም ጉዳይ አንሡ። እነሱ ቢናገሩ ውላቸው አይታደስም፤ እናንተን ግን እንዲህ በቀላሉ ማሰናበት አይቻልም።

ያለአግባብ ከተሰናበታችሁም "እስቲ ነገ" አትበሉ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል።