ድምፃቸውን በነጻ ለሚሰጧችሁ ሰዎች ምን አዘጋጅታችኋል?

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በሐይቅ ላላችሁ፣ ኮሚክ ለምትወዱ ልጆች፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምትወዱትን ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረከውን ታሪክ፣ ወደ አማርኛ መልሳችሁ፣ ሥዕሉን በቪዲዮ እያሳያችሁ ንግግሩን በድምፅ ልታቀርቡ መነሣታችሁን ሰማሁ። ገጸ ባሕርያቱን በነጻ የሚጫወቱላችሁ ሰዎች እየፈለጋችሁ እንደሆነም ተነገረኝ። ዕድሜዬን በሬዲዮ ድራማ ቀረጻ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ነገሩ አስደሰተኝ፤ የምጽፍላችሁም እንዲሳካላችሁ ከልቤ ስለምፈልግ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ገንዘብ የማትከፍሉትን ሰው፣ ከምትከፍሉት ሰው በላይ ተዘጋጅታችሁ ጥሩት። ተከፋዩ ሥራው ቢጓተት፣ ስክሪፕቱ ቢዘበራረቅ ክፍያውን እያሰበ ይታገሣል። በጎ ፈቃደኛው ግን የሚሰጣችሁ ከሥራ መልስ የቀረችውን ማታ ነው፤ ፋይሉን የሚልክላችሁም በራሱ ካርድ በገዛው ዳታ ነው። ጎረቤቱን ቡና ጠጡ ብሎ የጠራ ሰው፣ እንግዳው ደጅ ከደረሰ በኋላ ቡናውን ሊለቅም አይቀመጥም።

ስለዚህ ከማስታወቂያው ጀምሩ። «ጥሩ ድምፅ ያላችሁ አናግሩን» የሚል ጥሪ ማንንም አይጠራም። ክፍያ እንደሌለው በመጀመሪያው መስመር ጻፉት፤ ከታች አትደብቁት፣ «ወደፊት እናያለን» እያላችሁም ሰው አታንጠልጥሉ። ገጸ ባሕርይዋ ስንት ዓመቷ ነው? ቁጡ ናት ወይስ ዝምተኛ? ስንት መስመር ትናገራለች? ቀረጻው መቼ ያልቃል? ሥራው የት ይለቀቃል? ገቢ ቢመጣ ለማን ነው? ይህን ሁሉ ሰውየው ሳይጠይቅ ይወቀው። ለኦዲሽን፣ ማለትም ሰውየውን ለሚናው ለመፈተን፣ ሦስት አጫጭር ንግግሮች ይበቃሉ፤ አንዱ በርጋታ፣ አንዱ በቁጣ፣ አንዱ በሐዘን። ገጽ ሙሉ እያስነበባችሁ አታድክሙት።

የሠዓሊውንም ፈቃድ ጠይቁ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን መተርጎምና ወደ ሌላ መልክ መቀየር የባለቤቱ መብት ነው፤ ገንዘብ አለመቀበላችሁ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። አጭር ደብዳቤ ጻፉለት፣ መልሱንም ለተዋናዮቻችሁ አሳዩ።

ስክሪፕቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተዋናይ ሲደናገር ያየሁት ብዙውን ጊዜ በስክሪፕት ምክንያት ነው። የኮሚክ ንግግር በየአረፋው፣ ማለትም ሥዕሉ ላይ ንግግሩ በሚጻፍበት ክብ ውስጥ፣ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛው፣ በመጀመሪያው ሥዕል ሰውየው ማወቁን ይናገራል፤ በሁለተኛው፣ ነበልባሉ በሚታይበት ሥዕል፣ ቤቱን ማን እንዳቃጠለው ይገልጻል እንበል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ቤቱን ማን እንዳቃጠለው አውቃለሁ» ብላችሁ ለሁለት ብትከፍሉት፣ እሳቱ ከሥዕሉ ቀድሞ ይነገራል፤ ነበልባሉ ሲመጣ ተዋናዩ እጅ ላይ የቀረችው «አውቃለሁ» ብቻ ናት። ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጉት። በመጀመሪያው ሥዕል «ደርሼበታለሁ» ይበል፤ በሁለተኛው «ቤቱን ያቃጠለው ወንድምህ ነው»። ያኔ ድምፁን የሚያነሣበትን ቦታ ተዋናዩ ራሱ ያገኘዋል። ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» እንደሚልም ከቀረጻ በፊት ወስኑ። ጠብቆም ላልቶም ሊነበብ የሚችል ቃል ሲያጋጥም፣ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን ሲቀዳ አጠገቡ የሚያርመው የለም።

ብቁ ሰው አናገኝም ብላችሁ ከሆነ ደግሞ አብሽሩ። ቴሌግራም ላይ ብቻ አትጠብቁ። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ማይክ መያዝ የለመዱ ልጆች አሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢው ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎችን ይዟል። መንዙማ እየተቀበለ ያደገ ልጅም ሆነ በዜማ ያደገ ዲያቆን፣ ትንፋሹን የት እንደሚቆጥብ ያውቃል። ለአያት ገጸ ባሕርይ ድምፅዋን የምታሻክር ወጣት ከምትፈልጉ፣ የሰፈራችሁን አንዲት እማማ ቤታቸው ሄዳችሁ ለምኑ። ማንበብ ባይችሉ መስመሩን እናንተ በሉላቸው፤ በራሳቸው አፍ አሳምረው ይመልሱታል። ሥራው ምን እንደሆነ ግን እሳቸውም ልጆቻቸውም በደንብ ይረዱት።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የቀረቡ የውጭ ድራማዎችን እየሰማችሁ አድጋችኋል። ስለዚህ ብዙ ወጣት ማይክ ፊት ሲቆም ያንኑ አነጋገር ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ ለሽፍታ ሚና ሊፈተን የመጣ ልጅ ከደረቱ ያወጣውን የውሰት ወፍራም ድምፅ ይዞ አነበበልኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩትና «ዛሬ ከሐይቅ እንዴት መጣህ?» አልኩት። መኪና እንዳጣ፣ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ እንደጠየቀው፣ ተጨቃጭቆ እንደተሳፈረ ሲያወራኝ ትከሻው ወረደ፣ ንዴቱም ንግግሩ ውስጥ ገባ። ሳላስጨርሰው ወረቀቱን መለስኩለት። ሽፍታው ወሎዬ ሆኖ ተናገረ፤ ሚናውም የእሱ ሆነ። እናንተም ኦዲሽን ስትሰሙ መጀመሪያ ሰውየውን አስወሩት። ታሪኩ ካልከለከለ በቀር የአዲስ አበባን አነጋገር መስፈርት አታድርጉ፤ የባቲው፣ የከሚሴው፣ የላስታው ልጅ አፉን ሳይቀይር ይናገር።

ቀረጻው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ስልክ ይበቃል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጋቢና ብርድ ልብስ ዙሪያውን ይሰቀል። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፣ ትንሽም ወደ ጎን ይሁን፤ «ፐ» እና «ጰ» ሲወጡ ትንፋሹ እንዳይመታው። ከንግግሩ በፊት ግማሽ ደቂቃ ዝምታ ይቀዳ፤ የክፍሉን ጉምጉምታ በኋላ ለመቀነስ ይረዳችኋል። ቴሌግራም ላይ በድምፅ መልእክት ቁልፍ የተቀዳ ነገር ተጨምቆ ጥራቱ ስለሚወርድ፣ በመቅጃ ተቀድቶ እንደ ፋይል ይላክላችሁ። ጩኸት ያለበት መስመር መጨረሻ ላይ ይቀዳ፤ ጉሮሮ ከሻከረ በኋላ ለስላሳው ንግግር አይወጣም። የማስረከቢያ ቀናችሁንም ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትጣሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን የደሴ ዝናብ ከሰው ንግግር ለይቶ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። አዛንና ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ የሚሰማበትን ሰዓትም ለይታችሁ ንገሯቸው።

ሌላው ጽኑ ጉዳይ ይህ ነው፤ ዛሬ ከተቀዳ ድምፅ ሰውየው ያልተናገረውን ንግግር በኮምፒውተር መፍጠር ይቻላል። የሰጧችሁን ድምፅ ከዚህ ሥራ ውጪ እንደማታውሉትና ለማንም አሳልፋችሁ እንደማትሰጡ በጽሑፍ አረጋግጡላቸው። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ወላጁን አናግሩ። ፈተና ደረሰብኝ፣ ሥራ ተቀየረብኝ ብሎ ለሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ፊት አታጥቁሩ፤ ለዋና ዋና ሚናዎች ተተኪ ያዙ።

ያልተመረጠውን ሰው ዝም አትበሉት። ድፍረት አሰባስቦ፣ ድምፁን ቀድቶ የላከ ልጅ ሳምንታት ሙሉ ስልኩን እያየ ይጠብቃል። በስሙ ጠርታችሁ ጻፉለት፣ ካነበባቸው መስመሮች የወደዳችሁትንም ንገሩት። በታሪኩ ውስጥ ገበያ ወይም ሕዝብ የሚጮኽበት ሥዕል ካለ ለዚያ ጥሯቸው፤ በአንድ ማታ ይቀዳል። ስማቸውንም መጨረሻው ላይ ከዋናዎቹ ጋር፣ እነሱ በሚጽፉት አጻጻፍ አስፍሩት።